አልጠፋ ያለችው ቀይ አምፖል፦ ዲናሞዬን ተከትዬ ከደሴ እስከ የቡ

ደሴ ውስጥ ዲናሞ የምትጠግን ሴትዮ አለች ሲሏችሁ ሰምታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። አስናቀች እባላለሁ። ዲናሞ ማለት ሞተሩ ሲዞር አብሮ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው፤ እሱ ከሰነፈ ባትሪው ያልቃል፣ ባትሪው ካለቀ ሞተሩ ይጠፋል። ሙያው የባሌ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እሱ ሲሄድ እኔ ይዤው ቀረሁ። ከኮምቦልቻ ወዲያ እምብዛም የማልሻገር ሰው ነኝ። ዘንድሮ ግን ጅማ ድረስ ሄጄ መጣሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን በላሽ? የት አደርሽ? ሰዉስ እንዴት ነው?» እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ለሁሉም አንዴ ልንገርና ልረፍ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ከጅማ ቡና እየጫነ ደሴ የሚመላለስ ታምሩ የሚባል ሾፌር ደንበኛ አለኝ። ክረምት ላይ ለትንሽ ሞተር የሚሆን ዲናሞ ለጅማ ወዳጁ ከእኔ ገዝቶ ወስዶ ነበር። መስከረም አልፎ ያ ወዳጁ ራሱ ደወለ። ነጂብ እባላለሁ አለ፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሕትናው ብዛቱ።

«እትዬ፣ ዲናሞው አልሞላ አለኝ። ቀይዋ አምፖል አልጠፋ አለች።»

«ምን ዓይነት መኪና ላይ ነው ያሰርከው?» አልኩት።

«መኪና አይደለም፣ አውሮፕላን ነው። ራሴ የሠራሁት» አለ።

ሰው በጠዋቱ ያላግጥብኛል ብዬ ልዘጋበት ነበር። ግን ድምፁ የሚያላግጥ ሰው ድምፅ አልነበረም። እንጨት ሠሪ ነው፤ ከአሮጌ ሱዙኪ በተፈታ ሞተር አንድ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠርቷል። ፈቃድም አግኝቷል፤ ከአንድ ሜዳ ሳይወጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ ብቻውን እንዲሞክራት። የሞተሩ እሳትም የነዳጁ ፓምፕም ከባትሪው ነው የሚኖሩት። ባትሪው አየር ላይ ካለቀ ሞተሩም እዚያው አየር ላይ ይጠፋል።

ስልኩን ዘግቼ ሥራ እምቢ አለኝ። መኪና ቢሆን ባትሪ ሲያልቅ ሦስት ሰው ይጠራል፣ ይገፋል፣ ይነሳል። ሰማይ ላይ ማን ይገፋል? በእኔ እጅ የተሠራ ዲናሞ ነው ሰውየውን ይዞት የሚወጣው። ቮልት የምለካበትን ቴስተሬንና የዲናሞውን ኃይል ልክ የሚያስይዝ አንድ ጥሩ ሬጉላተር ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ።

ሰኞ

እሑድ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አድሬ ሰኞ በማለዳ የጅማ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። የደሴ ሰው መሆኔን ልብ በሉ፤ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። ወልቂጤ ቁርስ በልተን ወደ ጊቤ ስንወርድ ያ ጋቢ ሊገድለኝ ደረሰ። እኛ አገር መንገድ በታጠፈ ቁጥር ብርድ ነው የሚጨምረው፤ እዚያ በታጠፍን ቁጥር እሳት። አጠገቤ የተቀመጠች የጅማ ሴት ጋቢዬን ከትከሻዬ አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችልኝና ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። «ሜ፣ አዴ፣ ይተንፍሱ እንጂ!» አለች። «ሜ» የሚሏት ቃል እንደ እኛ «እስቲ» ናት፣ «አዴ» ደግሞ እንደ «እትዬ»። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አዴ ሆኜ ከረምኩ።

ጊቤን ተሻግረን ሰኮሩን ስናልፍ አገሩ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ጅማ ስንገባ ደግሞ የገረመኝ ሜዳነቷ ነው። ደሴ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ዳገት፣ ይዘህ ስትመለስም ዳገት ነው። ጅማ ሰው እግሩን ሳያስበው ይሄዳል። ባጃጅ ያዝኩና በአወቱ መንደራ በኩል አልፈን በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር ወረድኩ። ከወረድኩ በኋላ ነው እጄ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ጋቢዬን እቅፍ አድርጌ ይዣለሁ፤ ቴስተሩና ሬጉላተሩ ያሉበት ቦርሳ ግን ከባጃጁ ጋር ሄዷል።

መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን ሰደብኩ። ያን ያህል አገር አቋርጦ ያለ ቴስተር የመጣ ሠራተኛ እስክሪብቶ እንደሌለው ተማሪ ነው።

ነጂብ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ጎልማሳ ነው፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ላይ የእንጨት ሙጫ የደረቀበት። ሚስቱ ዘሃራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክብ ፊት፣ ቀጥ ያለ ዓይን። «በገ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ቦርሳዬ መጥፋቱን ስነግራት አልደነገጠችም።

«ባለባጃጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሽበት ያለው፣ እየነዳ የሚያንጎራጉር።»

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። ይብሉ አሁን።»

ያቀረበችልኝ ጩምቦ ነበር፤ ወፍራም ዳቦ ነው፣ ቅቤና እርጎ ጠጥቶ የራሰ። ሁለተኛውን ቁራሽ ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። ባለባጃጁ ነው፣ ቦርሳዬን አንግቶ! አወቱ መንደራ ላይ ነው ቦርሳውን ያየው። ከዚያ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ሽቦ የሞላበት ቦርሳ የያዘች እንግዳ ሴት የማን ቤት ገባች?» እያለ ሲጠይቅ፣ አንዱ «ሽቦ ከሆነማ አውሮፕላኑ ሰውዬ ዘንድ ናት» አለው። ሂሳብ ልጨምርልህ ብለው ተቆጣኝ። «እንግዳ አይደሉ እንዴ!» አለና ተቀምጦ ጩምቦውን አብሮን በላ።

ከምግቡ በኋላ ዘሃራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አዴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። የክንፉን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በእያንዳንዷ ስፌት ቢስሚላህ ብያለሁ፤ ክንፉን አምነዋለሁ። ሽቦ ግን አላውቅም። እሱ ራሱ ነው ቀይዋ አምፖል ስትበራ ባትሪው አይሞላም ማለት ነው ያለኝ። እንግዲያው ቀይዋ ሳትጠፋ ከመሬት እንደማይነሳ አስምዬዋለሁ።»

ነጂብ አንገቱን ደፋ። «ምያለሁ፣ እውነቷን ነው» አለ። የሚሞክርበት ሜዳ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው በየቡ ከተማ የሚገኝ የቡና መፈልፈያ ግቢ ነው። ቅዳሜ ሜዳው ላይ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ይተከላሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪነሱ ድረስ ወራት ነው። በፈቃዱ ላይ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ወይ በዚህ ሳምንት ይነሳል፣ ወይ ደጅ ጥናቱን እንደገና ከሀ ይጀምራል።

«ዲናሞው የእኔ ነው፤ አምፖሏን አጠፋልሻለሁ» አልኩ። አፌ ፈጣን ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ የቡ ሄድን። እኛ ቡናን የምናውቀው በሲኒ ነው፤ እዚያ ፍየሎች ከሥሩ ይተኛሉ፣ ልብስ ይሰጣበታል። ቀይ የበሰለው ቡና መለቀም ጀምሯል። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ነጂብን ያውቀዋል። አንዱ «ዛሬ ትበራለህ ወይስ ዛሬም ትጠግናለህ?» ሲለው መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

አውሮፕላኗ ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ ቆማለች። ምን ልበላችሁ? ታምራለች እንጂ አታስጠላም። ወገቧ ከእንጨት፣ ክንፏ ጨርቅ ለብሶ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎማዋ የጋሪ የሚያህል። ማስነሻ ሞተሪኖ የላትም፤ አንዱ ሰው ይቀመጣል፣ ሌላው አፍንጫዋ ላይ ያለውን ፕሮፔለር በእጁ መትቶ ያስነሳታል። ከመቀመጫው ፊት ለፊት ያቺ አምፖል አለች፣ የጥፍር ያህል። ጠጋ ብዬ ክንፉን ስዳስስ የዘሃራ ስፌት እንደ ገብስ ፍሬ ተርታውን ጠብቆ ተደርድሯል።

እዚያ አቶ ጴጥሮስን አወቅሁ። ከሆሳዕና መጥቶ የቡ የከረመ በያጅ ነው፤ የመፈልፈያውን ማሽኖች የሚጠግነው እሱ ነው። ግዙፍ ሰው፣ ድምፁ ከመጋዘኑ የሚተርፍ። «ጌታ ይባርክዎ እህቴ! ሴት ኤሌክትሪሻን ሲሉ ሰምተን ነበር፣ ዛሬ አየን!» ብሎ እጄን ጨብጦ ሊነቅለው ደረሰ።

ዲናሞዬን ፈታሁት። ስከፍተው የቡና ገለባ ብናኝ ሆዱን ሞልቶታል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያሻግሩት ካርቦኖች ተጣብቀው መንቀሳቀስ አቅቷቸዋል። «መጋዘን ውስጥ ቡና ስታበጥሩ ይችን ለምን አትሸፍኗትም?» ብዬ ጮህኩ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች እንደ ሕፃን ወለሉን ያያሉ። ጠረግኩት፣ ካርቦኑን ቀየርኩት፣ ያመጣሁትን ሬጉላተር አሰርኩለት። ነጂብ ፕሮፔለሩን መታ፣ ሞተሩ ተነሳ። የቴስተሬን ጥቁር ሽቦ እንደ ልማዴ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀዩን ዲናሞው ላይ አሳረፍኩ። አሥራ አራት ቮልት! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ጣቴን ቀስሬ «በሉ፣ ጨረስኩ!» አልኩ።

ዘሃራ መቀመጫው ላይ ጎንበስ ብላ አየች። «አዴ፣ አሁንም ትበራለች። ደብዘዝ አለች እንጂ አልጠፋችም» አለች።

እውነቷን ነው፣ ታበራለች። እንደሚያልቅ ከሰል። በመሸ ጊዜ ጉዳዩን ለረቡዕ አሳድረን ወደ ጅማ ተመለስን።

ረቡዕ

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ለካሁ፣ እንደገና አሥራ አራት። ዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች አየሁ፣ ደህና ናቸው። እኔ ደግሞ ስናደድ አልታገስም።

«አምፖሏ ናት የምትዋሸው፤ ርካሽ አምፖል ናት። ልንቀላትና ሰውዬው ይሂድ» አልኩ።

ዘሃራ በእኔና በአምፖሏ መካከል ገባች። አልጮኸችም። «አዴ፣ አምፖሏን አይንኩብኝ። እርስዎ ቅዳሜ ወደ ደሴ ይሄዳሉ፤ እኔ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው» አለች።

እጄን ከአምፖሏ ሰበሰብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ አፌን የዘጋችኝ አንዲት ሴት እሷ ናት። ሆኖም በልቤ «ግትር» አልኳት፤ ምን እደብቃለሁ።

ስምምነቱ ነጂብ እንዳይነሳ፣ ሜዳው ላይ ብቻ በፍጥነት እንዲሮጥና አምፖሏን እንዲያያት ሆነ። አቶ ጴጥሮስ ፕሮፔለሩን መታ። አውሮፕላኗ ሣሩን እየሰነጠቀች ሄደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ደስ ትላለች! ሦስተኛው ላይ ግን ሞተሩ መቀነስ ሲገባው አልቀነሰም። ሜዳው ዳር አስቀድመው የተተከሉ ጥቂት ማድረቂያ አልጋዎች አሉ፤ ቀይ ቡና ተሰጥቶባቸዋል። አውሮፕላኗ በቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች። ዘሃራ «ያ ረቢ!» ስትል ሰማሁ። ነጂብ ሞተሩን በቁልፉ አጠፋው፤ ፕሮፔለሩ ቀጥ አለ። በቀረው ጉልበቷ እየተንከባለለች አንዱን አልጋ ገፍታ ገለበጠችና ቆመች። ቡናው እንደ ዶቃ ሣሩ ላይ ተበተነ።

ሮጥን። ነጂብ ደህና ነው፤ ግን ነጭ ሆኗል። «የነዳጅ መስጫው ተያዘ፤ ወደ ኋላ አልመለስ አለኝ» አለ። የተበተነው ቡና የአንዲት አሮጊት ነበር። አሁን ጉድ ፈላ ስል፣ ሴትዮዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው መልቀም ጀመሩ። ምን አሉ ብዬ ዘሃራን ጠየቅኳት። «ቡና ተመልሶ ይለቀማል፣ ሰው ግን አይለቀምም ነው ያሉት» አለች፤ እንባዋ እየወረደ። ሁላችንም ተንበርክከን ለቀምን።

እየለቀምኩ ሳለ ሽታው መጣልኝ። የተቃጠለ ላስቲክ! ይሄንን ሽታ እንቅልፌ ውስጥ እንኳ አውቀዋለሁ። ተነስቼ ሄድኩና ከነጂብ እጅ እስከ ሞተሩ የሚሄደውን የነዳጅ መስጫ ገመድ ያዝኩት። ጣቴን ጠበሰኝ! ገመዱ ግሎ የውስጥ ላስቲኩ ቀልጧል፤ የያዘው እሱ ነው።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ከዲናሞው ወጥቶ ባትሪው ዘንድ ይደርስና ወደ ዲናሞው መመለስ አለበት። መኪና ላይ መመለሻ ሽቦ አንዘረጋም፤ የመኪናው ብረት ራሱ መንገድ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ቦዲው ላይ እሰር፣ አለቀ። ጋራዥ ያደገ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያውቀው። ነጂብም ጋራዥ እንዳየው ባትሪውን መቀመጫው ሥር ያለው ብረት ላይ አስሮታል። የዚች ቦዲ ግን እንጨትና ጨርቅ ነው! ሞተሩም የተቀመጠው ላስቲክ ላይ ነው። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ ከመቀመጫው እስከ ሞተሩ የተዘረጋ ብረት ሲፈልግ ያገኘው አንድ ነገር ያን ቀጭን የነዳጅ ገመድ ነው። ዲናሞው ደካማ ሳለ ሞቅ ያደርገው ነበር። እኔ ጠግኜ ባበረታሁት ጊዜ አቃጠለው።

ቴስተሬስ? ጥቁሩን ሽቦ ሞተሩ ላይ አስቀምጬ ነዋ የለካሁት፤ ዲናሞውን በራሱ ቤት። ባትሪው ዘንድ ሄጄ ብለካ ኖሮ ያን ጊዜ አየው ነበር። አምፖሏ ሁለት ቀን ሙሉ እውነቱን ስትናገር ነበር። እኔ ነኝ ልነቅላት የተነሳሁት። አየር ላይ ሆኖ ያ ገመድ ቢይዘውስ? ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዘሃራ፣ ይቅር በይኝ። አምፖሏን ነቅዬልሽ ቢሆን…» አልኳት።

«አልነቀሉም እኮ» አለችና የተቃጠለውን ጣቴን ይዛ እፍ አለችበት።

ዝናብ መጣ፣ ሚኒባስም ጠፋ። የቡ አቶ ጴጥሮስ ቤት አደርን። ሚስቱ ጣቴን ማር ቀብታ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችልኝ፤ የእኛ አገር ሰው የጥርስ ሳሙና ነው የሚቀባው፣ ማሩ ይሻላል። ቆጮና አይብ በላን፤ ከመብላታችን በፊት አቶ ጴጥሮስ ረጅም ጸሎት አደረገ። ነጂብና ዘሃራ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት፤ ሲጨርስ «አሚን» አሉ። እኔ ለብቻዬ የሰጡኝን አልጋ ሳይ ልጆቻቸው መሬት መተኛታቸው ገባኝ።

ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት ገመድ ፍለጋ ጅማ ገባን። የነዳጁ ገመድ ቀላል ነበር፤ ያ ባለባጃጅ ወሬውን ሰምቶ ለራሱ ያስቀመጠውን አዲስ ገመድ ይዞ መጣ። «ለእኔ ባጃጅ ሌላ ይገኛል፤ ለነጂብ ግን ሌላ ነጂብ የለም» አለ። መመለሻው ሽቦ ነው ያስቸገረን። ከሞተሩ እስከ ባትሪው የሚደርስ ወፍራም መዳብ ያስፈልጋል። በየሱቁ ዞርን፤ የሚያቀርቡልን ሁሉ ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ሲፋቅ ነጭ የሚሆን ነው። ደሴም ያው ነው፤ ይሄ በሽታ አገር አይመርጥም። አንዱን ሱቅ ውስጥ ፋቅኩና ለባለሱቁ አሳየሁት። «አዴ፣ መብራት ለማብራት ይሆናል» አለ። «እኔ መብራት ላጠፋ ነው የመጣሁት!» ብዬው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ መዳቡን ሳናገኝ የቡ ስንደርስ አቶ ጴጥሮስ የመበየጃ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ፊታችንን አየ። የማሽኑን ወፍራም ገመድ ወደ እጁ ስቦ አነሳና የብረት መጋዙን አስጠጋ።

«ተው! ሥራ የሚበዛበት ወር ነው፤ በምን ልትበይድ ነው?» አልኩት።

«ረጅም ነው እህቴ። ከዛሬ ወዲያ እኔ ወደ ሥራው አልሄድም፣ ሥራው ወደ እኔ ይምጣ!» ብሎ ሳቀና ቆረጠው። ውስጡ ንጹሕ፣ ቀጫጭን፣ እንደ ፀጉር የለሰለሰ ቀይ መዳብ። እንዲህ ያለ መዳብ ካየሁ ቆይቻለሁ። ሥራዬን ጀመርኩ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ቀለሙን ፍቄ አሰርኩ፣ ሌላውን በቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ነጂብ አዲሱን የነዳጅ ገመድ አስገባ። ዘሃራ ደግሞ ከክንፉ ከተረፈው ጨርቅ ለዲናሞው ሽፋን ሰፋች፤ አውሮፕላኗ መጋዘን ውስጥ ስትቆም ገለባ እንዳይገባበት።

ዓርብ

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አቶ ጴጥሮስ ዳር ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ ይጸልያል። እኔም በልቤ ገብርኤልን ጠራሁ። ከእኛ መካከል የአንዱ ጸሎት ይሰማል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘሃራ ራሷ መቀመጫው ላይ ወጣች። «እኔ ልያት» አለች። ነጂብ ፕሮፔለሩን መታ። ሞተሩ አገሳ፣ ነጠላዋ ተውለበለበ። እሷ ግን ዓይኗን ከአምፖሏ አላነሳችም። እኔ በዚህ በኩል ቴስተሬን ይዣለሁ፤ ጥቁሩም ቀዩም አሁን ባትሪው ራሱ ላይ ናቸው። አሥራ አራት። የእሷን ፊት ነው የማየው። ብዙ ቆየች። ነዳጁን ጨመረች፣ ቀነሰች፣ እንደገና አየች። ከዚያ ወረደችና ባሏ ፊት ቆመች።

«ጠፍታለች። በል ሂድ» አለችው።

ነጂብ ወጥቶ ተቀመጠ። አውሮፕላኗ ስትንቀሳቀስ ዘሃራ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቡናው ዞረችና እጄን ያዘች። «እኔ አላይም፤ እርስዎ ይዩልኝ።» የያዘችው የተቃጠለውን ጣቴን ነበር፤ ሕመሙን ዋጥ አድርጌ ወደ ሜዳው አፈጠጥኩ።

ሮጠች፣ ሮጠች፣ ጎማዋ ከሣሩ ተላቀቀ። ወገኖቼ፣ ተነሳች! የአንድ ቤት ጣሪያ ብትደርስ ነው። ግን ከጎማዋ ሥር ማዶው ታየኝ። «ተነስቷል» አልኳት። ጣቴን ጨመቀችው። «ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው» አልኳት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በዚህ መካከል ሞተሩ ድምፁ ጠፋ። ጭጭ። ዘሃራ «ጠፋ! አዴ፣ ሞተሩ ጠፋ!» አለች።

«አርፏል! አርፎ ራሱ ነው ያጠፋው! ዞረሽ እይው አንቺ ሴት!»

ዞረች። ነጂብ ሜዳው ጫፍ ላይ ከመቀመጫው እየወረደ ነው፤ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እልልታው ቀለጠ። ዘሃራ አልሮጠችም፤ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ነው ወደ እሱ የሄደችው። ስትደርስ ትከሻው ላይ ያለውን አቧራ አራገፈችለት። እኔ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አቶ ጴጥሮስ በዚያ ግዙፍ እጁ ጀርባዬን ይደበድባል።

ቅዳሜ

ዓርብ ማታ የቡ አድረን ቅዳሜ ስንነሳ ሜዳው ላይ አልጋዎቹ ይተከሉ ነበር። እስከ ጅማ መናኸሪያ ድረስ ያደረሰኝ ባለባጃጁ ነው፤ ሂሳብ ልክፈል ስል እንደገና ተቆጣኝ። ዘሃራ ማር፣ ነጂብ ደግሞ ሌላ የእንጨት ሥራውን ትቶ ሰሞኑን ማታ ማታ የፈለፈለውን በርጩማ አሸከሙኝ። አሁን ሱቄ ውስጥ የምቀመጠው እሱ ላይ ነው። የተቃጠለውንም የነዳጅ ገመድ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከቴስተሬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ። ደንበኛ «አምፖሏ ናት የምትዋሸው፣ ንቀይልኝ» ሲለኝ አንገቴን ወደ ገመዱ አዞራለሁ።

ዓርብ ዓርብ ስልኬ ይጮኻል። ዘሃራ ናት። ሜዳው ቡና ስለተሰጣበት ሞተሩን መጋዘኑ ደጅ ላይ ነው የሚያስነሱት፣ ባትሪው እንዳይደክም። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ስልኩን ወደ ሞተሩ ታስጠጋዋለች፤ እሰማለሁ። ነጂብ ነው ፕሮፔለሩን የሚመታው፤ መቀመጫው ላይ ያለችው እሷ ናት።

«አምፖሏስ?» እላታለሁ፣ እየጮህኩ።

«ጨለማ ናት!» ትለኛለች።

«አልሐምዱሊላህ!» እላለሁ፣ እኔ የገብርኤሏ አስናቀች፤ ጎረቤቶቼ ዞረው ያዩኛል።